የመጨረሻዋ አንድ ሰዓት፦ በፓስፊክ ደሴቶች መካከል በሸራ ጀልባ ስለ መኖር

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲያትል ነው፤ ነርስ ነኝ። የባለቤቴ የሥራ ባልደረባና ሚስቱ 12 ሜትር የሸራ ጀልባ አላቸው። በየካቲት ከፓናማ ተነስተው፣ በጋላፓጎስ አድርገው ወደ ፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ሊሻገሩ ነው። ስድስት ወር አብራችሁን ቆዩ ብለውናል። የባለቤቴ ልብ ሄዷል። እኔ ግን ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ባሕር ያየሁት በ26 ዓመቴ ነው፤ ዋናም እምብዛም አልችልም። መሬት ሳይታይ 25 ቀን እንዴት ይኖራል? ውሃ ከየት ይመጣል? ምን ይበላል፣ በተለይ ሁዳዴ ሲገባ? ሰው ቢታመምስ? ልሂድ ወይስ ልቅር? እንደ እህትዎ አይተው ይንገሩኝ።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ «እንደ እህትዎ» ስላልሽኝ አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ። ስለራሴ ሁለት ቃል ልበል። ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ የመርከብ ምሕንድስና ተማርኩ። ጥቂት ዓመታት በጭነት መርከብ ሞተር ክፍል ሠራሁ። አሁን ኦክላንድ፣ ኒው ዚላንድ እኖራለሁ። ሥራዬ የሸራ ጀልባዎችን ሞተር፣ የኤሌክትሪክ መስመርና የውሃ ማሽን መጠገን ነው። አራት ጊዜ ደግሞ ከጀልባ ባለቤቶች ጋር ሆኜ በፖሊኔዥያ ደሴቶች መካከል ወራት አሳልፌአለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ፣ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር እጽፍልሻለሁ።

ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ፍርሃትሽ ሁሉ ያለው 25ቱ ቀን ላይ ነው። ዙሪያው ውሃ፣ ከታች ሺህ ሜትሮች ጥልቀት። የደጋ ልጅ ስለሆንኩ ይገባኛል። እኔም መጀመሪያ ላይ እንደዚያ ነበርኩ። በሥራው ውስጥ በቆየሁ ቁጥር ግን የምፈራው ነገር ቦታ ቀየረ። የተጎዳች ጀልባ ልጠግን ስወጣ ባለቤቶቹን «የት ደረሰባችሁ?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ ብዙ ጊዜ «ልንደርስ ስንል» የሚል ነው። ውቅያኖስ መሃል ዕቃ ይበላሻል። ጀልባ የሚጠፋው ግን መሬት አጠገብ ነው።

ይህን በአንድ ታሪክ ላስረዳሽ። በ1947 ስድስት ሰዎች ኮን ቲኪ በተባለች፣ ባልሳ ከሚባል ቀላል እንጨት ግንድ ታስራ በተሠራች ተንሳፋፊ ታንኳ ላይ ሆነው ከፔሩ ተነሱ። ሞተር የላትም። እንደልብ የምትዞርም አልነበረችም። 101 ቀን ተጓዙ፤ ወደ 7,000 ኪሎ ሜትር። ያ ሁሉ ውቅያኖስ አሳለፋቸው። የተሰባበሩት በመጨረሻው ቀን፣ በፈረንሳይ ፖሊኔዥያ፣ ቱአሞቱ ከሚባሉት ደሴቶች ራሮያ በምትባለው የኮራል ጠርዝ ላይ ነው፤ ኮራል ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት የሚገነቡት ዐለት ነው። ደግነቱ ስድስቱም ተረፉ። እናንተም በዚያው ሰፈር ነው የምታልፉት።

አሁን ወደ 25ቱ ቀን ልምጣ። ከጋላፓጎስ እስከ ማርኬሳስ ደሴቶች 3,000 የባሕር ማይል ያህል ነው፤ ወደ 5,500 ኪሎ ሜትር። የእናንተ ዓይነት ጀልባ በሰዓት 5 ወይም 6 የባሕር ማይል ትሄዳለች። ሶምሶማ የሚሮጥ ሰው ማለት ነው። ግን ሌሊት አታርፍም። ስለዚህ በ24 ሰዓት ከ120 እስከ 145 ማይል ያህል ትገፋለች። ነፋሱ ከኋላ ነው። ሰዎች በዚያ መስመር የሚሻገሩት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍሰው ቋሚ ነፋስ ለሳምንታት ስለሚያግዛቸው ነው። ሸራው አንዴ ከተስተካከለ ሁለት ቀን ሳይነካ የሚቆይበት ጊዜ አለ። ጀልባዋ ግን ቀጥ ብላ አትሄድም። ሌት ተቀን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትወዛወዛለች። ሻይ ለመቅዳት ሁለት ሰው የሚያስፈልግበት ቀን ያጋጥማል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ይከብዱሻል። ማቅለሽለሽ አለ፤ ራስ ምታት አለ፤ «ምን አመጣኝ» ማለትም አለ። የብዙ ሰው ሰውነት በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ይለምዳል። የማቅለሽለሽ መድኃኒቱን ከመነሳታችሁ በፊት ጀምሪው። ካስመለሰሽ በኋላ የሚዋጥ ኪኒን ሆድ ውስጥ አይቆይም፤ ይህን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ውጭ ተቀምጠሽ አድማሱን እዪ። ስልክ አትመልከቺ። ዝንጅብል ያዢ። በሶ ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ምግብ ነው ብል አላጋነንኩም። እሳት አይፈልግም፤ ሽታ የለውም፤ በውሃና በማር በጥብጦ መጠጣት ይቻላል። ማብሰል በማይታሰብበት ቀን እኔን ያቆመኝ እሱ ነው።

ሌሊቱ በተራ ይጠበቃል። አራት ስለሆናችሁ ለእያንዳንዱ ሦስት ሰዓት ይደርሰዋል። በየአሥር፣ በየአሥራ አምስት ደቂቃው ተነስተሽ ዙሪያውን ታያለሽ። መርከብ አለ ወይ? ዝናብ ያዘለ ጥቁር ደመና እየመጣ ነው ወይ? ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድም መርከብ ሳታዩ ልትጓዙ ትችላላችሁ። በእነዚህ ሰዓታት ዳቦ ቆሎ ይዘሽ ቁጭ በዪ። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ጀልባዋ ከኋላዋ የሚያበራ መስመር ትሰምራለች፤ ውሃው ሲነካ የሚያበሩ ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሰማይ ሌላ ቦታ አላየሁም።

ዋና አለመቻልሽን አንስተሻል። በዚያ ባሕር ላይ ዋና መቻል የምታስቢውን ያህል አያድንም። ጀልባዋ በ6 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 6 የባሕር ማይል፣ ስትሄድ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 180 ሜትር ትርቃለች። ማዕበሉ የሰውን ጭንቅላት ወዲያው ይሸፍናል። በሌሊት የወደቀን ሰው፣ ጎበዝ ዋናተኛም ቢሆን፣ መልሶ ማግኘት እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ ሥራው ሁሉ አለመውደቅ ነው። ሲመሽ የደረት ቀበቶሽን ታስሪያለሽ፤ ገመዱን ከጀልባዋ ጋር ታገናኚዋለሽ። ማንም ሰው ሌላውን ሳይቀሰቅስ ከመቀመጫው ወጥቶ ወደ ፊት አይሄድም። ይህ ሕግ የማይከበርበት ጀልባ ላይ አትሳፈሪ። ዋናውን ግን እስከ የካቲት ድረስ በመዋኛ ገንዳ ተለማመጂ፤ ቢያንስ መንሳፈፍን። ኮራል የከበበው የረጋ ውሃ ውስጥ ደርሰሽ ከላይ ብቻ እያየሽ መመለስ ያስቆጫል።

የመጀመሪያው መሬት ማርኬሳስ ነው። ደግ መሬት ነው። የእሳተ ገሞራ ተራሮቹ ከሩቅ ይታያሉ፤ በዙሪያቸው እንደ ግንብ የቆመ ኮራል የለም። ሂቫ ኦአ ወይም ኑኩ ሂቫ ላይ ገብታችሁ ትመዘገባላችሁ። ፍራፍሬ ሞልቷል። መልህቅ ጥላችሁ ስትተኙም ግን ጀልባዋ መወዛወዟን አትተውም።

ከዚያ 500 ማይል፣ አራት ወይም አምስት ቀን ተጉዛችሁ ቱአሞቱ ትደርሳላችሁ። እዚህ ነው ረዘም አድርጌ ማውራት የምፈልገው።

ቱአሞቱ ወደ 80 የሚጠጉ አቶሎች ናቸው። አቶል ማለት የቀለበት ቅርጽ ያለው ደሴት ነው። በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ተራራ ነበር። በዙሪያው ኮራል በቀለ። ተራራው ቀስ እያለ ሰጠመ፤ ኮራሉ ግን ወደ ላይ ማደጉን አላቆመም። ዛሬ የቀረው ቀለበቱና መሃሉ ላይ ያለው ውሃ ነው፤ ላጉን የሚባለው እሱ ነው። መሬቱ ከባሕር በላይ ሁለት ሦስት ሜትር ቢሆን ነው። የሚታየው የኮኮናት ዛፉ ነው፤ እሱም 15 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር። ሌሊት ምንም አይታይም። ማዕበሉ ኮራሉ ላይ ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ሲደርስሽ በጣም ቀርበሻል ማለት ነው። የድሮ መርከበኞች «አደገኛዎቹ ደሴቶች» ያሏቸው ለዚህ ነው።

ወደ ውስጥ የሚገባው ቀለበቱ በተከፈተበት ጠባብ በር ነው። ላጉኑን እንደ ትልቅ ሳፋ አስቢው። በደቡብ በኩል ማዕበሉ ጠርዙን እየዘለለ ውሃ ይጨምርበታል። ያ ሁሉ ውሃ ተመልሶ የሚወጣው በዚያች አንዲት ወይም በሁለት በር ነው። ስለዚህ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ሰንጠረዥ «አሁን ውሃው ይረጋል» ቢልም፣ ደቡብ ላይ ትልቅ ማዕበል ካለ በሩ ቀኑን ሙሉ እንደ ወንዝ ሊወጣ ይችላል። የእናንተ ሞተር በሙሉ ጉልበቱ 6 ወይም 7 ኖት ነው። በአንዳንድ በሮች ውሃው ከዚያ ይፈጥናል። የሚወጣው ውሃና ከውጭ የሚመጣው ነፋስ ሲጋጩ ደግሞ በሩ ላይ እንደ ግድግዳ የቆመ ማዕበል ይፈጠራል።

በሩን ካለፋችሁ በኋላ ውስጡ ኮራል አለ። ከጥልቅ ውሃ ድንገት ተነስቶ ከውሃው ገጽ አንድ ሜትር ሲቀረው የሚቆም ዓምድ አስቢ። ብዙዎቹ ካርታ ላይ የሉም። የሚያድነው ዓይን ነው። ፀሐይ ከፍ ስትል፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ውሃው ቀለሙን ይነግርሻል። ጥቁር ሰማያዊው ጥልቅ ነው። ፈዘዝ ያለው አሸዋ ነው። ቡናማው ኮራል ነው፤ እንዳትነኪው። አንድ ሰው ነጸብራቅ የሚቆርጥ መነጽር አድርጎ ጀልባዋ አፍንጫ ላይ ይቆማል፤ በእጁ ምልክት ይሰጣል። ፀሐይ ከኋላችሁ መሆን አለባት። ፊት ለፊት ከሆነች ውሃው መስታወት ይሆናል።

የደረሰብኝን ልንገርሽ። የካፒቴኑንም የደሴቷንም ስም አልጠቅስም። ሰውየው ጎበዝ ባሕረኛ ነበር። ከጋላፓጎስ በ23 ቀን ነው ያሻገረን፤ አንድም ነገር ሳይሰበር። ቱአሞቱ ስንደርስ ግን ልጁ በማግስቱ ጠዋት ከደሴቷ አውሮፕላን መያዝ ነበረባት። በሩን ያለፍነው ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። መንደሩ በስተምዕራብ ነበር። ፀሐይዋ ዓይናችን ውስጥ ገባች። ፊት ላይ የቆምኩት እኔ ነበርኩ፤ ምንም አላየሁም። «አላይም!» ብዬ ጮህኩ። «ቀስ እላለሁ» አለ። ቀስ እንዳለ ነው የመታነው። መጀመሪያ ከታች ድምፅ ሰማን፤ ቀጥሎ ጀልባዋ እንደ ሰው ተንቀጠቀጠች። መሪዋ ተጣመመ። ልጅቷ በማግስቱ በረረች። እኛ ግን ዕቃ እስኪመጣና እስኪጠገን አምስት ሳምንት ተቀመጥን። ውጭ አንድ ሌሊት ብንጠብቅ ኖሮ የምናጣው አንድ የአውሮፕላን ትኬት ነበር። ዛሬም ያንን ድምፅ ሳስታውስ ሆዴን ይቆርጠኛል።

ካርታ ላይ ብቻ መተማመንም አይበቃም። በ2014 በዓለም ዙሪያ ውድድር ላይ የነበረች፣ በባለሙያዎች የተሞላች ጀልባ ሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ሌሊት በሙሉ ፍጥነት ኮራል ላይ ወጣች። የኤሌክትሮኒክ ካርታው በደንብ ካላጎሉት በቀር ያን ኮራል አያሳይም ነበር። ዘጠኙም ሰዎች ተርፈዋል። ቱአሞቱ ውስጥ የሚያውቁ ካፒቴኖች የሳተላይት ፎቶ ቀድመው አውርደው ከካርታው ጋር ያመሳክራሉ። የእናንተ ካፒቴን ያደርግ እንደሆነ ጠይቂው።

መልህቅ ከጣላችሁ በኋላም እንቅልፉ ሙሉ አይደለም። ሰንሰለቱ ኮራል ላይ እየተጠመጠመ ያጥራል፤ ኮራሉንም ይሰብራል። ለዚህ ሰንሰለቱን በተንሳፋፊ ኳሶች ከፍ ያደርጉታል፤ ብዙ ጊዜ ከጥቁር ዕንቁ እርሻ ተቆርጠው ዳርቻ ላይ የወደቁ ኳሶች ናቸው። ራንጊሮአን የመሰለ ላጉን ከአንዱ ዳር ሌላው ዳር አይታይም። ነፋሱ በሌሊት ከዞረ የተጠለላችሁበት ጥግ በሰዓት ውስጥ ሜዳ ላይ እንደመተኛት ይሆናል። ማራአሙ የሚሉት ብርቱ የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ሲመጣ ለቀናት ይነፍሳል።

ውሃ ከየት ይመጣል ላልሽው፣ ይህ እንጀራዬ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። አቶል ላይ ወንዝ የለም። መንደርተኛው ራሱ የሚጠጣው ከጣሪያ ላይ የተጠራቀመ ዝናብ ነው። ስለዚህ ከእነሱ ውሃ መለመን አይገባም። ጀልባዋ ከባሕር ውሃ ጨው የሚለይ ማሽን ይኖራታል። ማሽኑ የባሕሩን ውሃ ወደ 55 ባር በሚደርስ ግፊት በስስ ማጣሪያ ውስጥ ያሳልፈዋል። የመኪና ጎማ ግፊት 2 ባር ተኩል ገደማ እንደሆነ አስቢና አወዳድሪው። ትናንሾቹ በሰዓት ከ20 እስከ 30 ሊትር ይሰጣሉ። አራት ሰው በቁጠባ ከተጠቀመ በቀን 40 ሊትር ይበቃዋል። ዕቃ በባሕር ውሃ ይታጠባል፤ በመጨረሻ ብቻ በጥቂቱ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። ሰውነትም እንዲሁ።

ማሽኑን የሚገድሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሁለቱንም በየዓመቱ አያቸዋለሁ። አንዱ ክሎሪን ነው። ወደብ ላይ ከቧንቧ ውሃ ቀድተው ማጣሪያውን ያጥቡታል፤ በቧንቧው ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ስሱን ማጣሪያ ይበላዋል። ሁለተኛው ሥራ መፍታት ነው። ከሳምንት በላይ ሳይሠራ ከቆየ ውስጡ ሕይወት ይበቅላል፤ በንጹሕ ውሃ መታጠብ አለበት። አንቺ ካፒቴኑን «ማሽኑ ቢቆም ስንት ሊትር በእጃችን አለ?» ብለሽ ጠይቂ። ለመሻገሪያው ለአንድ ሰው ለመጠጥ ብቻ በቀን 3 ሊትር ቁጠሪ። ለአራት ሰው ለ30 ቀን 360 ሊትር ይሆናል። ያ መጠን በጋንና በጀሪካን ተከፋፍሎ ካልተያዘ መልሱ ትክክል አይደለም። ሁሉም በአንድ ጋን ከሆነ አንዲት ቀዳዳ ትበቃዋለች።

ኤሌክትሪኩ ከፀሐይ ነው። ፍሪጁ፣ መሪውን የሚይዘው ኦቶፓይለትና የውሃ ማሽኑ አንድ ባትሪ ይሻማሉ። ደመና ሦስት ቀን ከቆየ ፍሪጁ ይጠፋል። አሁን ብዙ ጀልባዎች ስታርሊንክ የሚባለው የሳተላይት ኢንተርኔት ስላላቸው ከእናትሽ ጋር ባሕር መሃል ሆነሽ ማውራት ትችያለሽ፤ እሱም ከዚያው ባትሪ ይቆረጣል።

ምግቡ ላይ እኛ ሐበሾች ከማንም የተሻልን ነን። ሽሮ፣ ምስር ክክ፣ በርበሬ፣ ቆሎ፣ በሶ ፍሪጅ አይፈልጉም፤ ለወራት ይቆያሉ። መሻገሪያችሁ ከሁዳዴ ጋር መግጠሙ አይቀርም። ፈረንጆቹ በሁለተኛው ሳምንት ሥጋው አልቆባቸው ቆርቆሮ ሲከፍቱ አንቺ የለመድሽውን ትበያለሽ። ለእኔ ከሁሉም የቀለለኝ ጾም ባሕር ላይ የጾምኩት ነው። ዱቄቱን ሁሉ ከመጫንሽ በፊት ለአራት አምስት ቀን ፍሪዘር ውስጥ አቆዪው፤ የነቀዝ እንቁላል ይሞታል። ከዚያ በደንብ በሚዘጋ ፕላስቲክ አሽጊው። ካርቶን ወደ ጀልባ አይገባም፤ በረሮ የሚመጣው በእሱ ነው። እንቁላል ለፋሲካ ከፈለግሽ ያልታጠበና ፍሪጅ ያልገባ ግዢ፤ በየሁለት ቀኑ ካገላበጥሽው ለሳምንታት ይቆያል። ጎመን፣ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ዱባ ይችላሉ። እንጀራ ጋዝ ስለሚበላ መልህቅ ላይ ሆናችሁ፣ በትንሽ መጥበሻ ብቻ ጋግሪ። ሲሊንደሩን ትናንሽ ደሴቶች ላይ ማስሞላት አይቻልም። ምግብ ባበሰልሽ ቁጥር ዋናውን መዝጊያ ዝጊ። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፤ ካፈሰሰ ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ይጠራቀምና አንዲት ብልጭታ ይጠብቃል።

ቱአሞቱ ላይ አትክልት ውድ ነው፤ መሬቱ የኮራል አሸዋ ስለሆነ አያበቅልም። የሚመጣው ታሂቲ ደሴት ላይ ካለችው ዋና ከተማ ከፓፔቴ በመርከብ ነው። መርከቧ በመጣችበት ቀን ቀድመሽ ድረሺ፤ ግን መንደርተኛው ሳይገዛ ሁሉን አትጠራርጊ። የፈረንሳይ ረጅም ዳቦ ግን ዋጋው በመንግሥት የተወሰነ ስለሆነ ብዙ መንደር ውስጥ በርካሽ ይገኛል።

ዓሣ ላይ አደራ። በጥልቁ ውቅያኖስ የሚያዘው ቱናና ማሂ ማሂ ችግር የለበትም። ኮራሉ ላይ የሚኖረው ግን ሲጓቴራ የሚባል መርዝ ሊይዝ ይችላል። መነሻው ኮራል ላይ የሚበቅል ዓይን የማያየው ፍጥረት ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ራሱ እዚያው ፖሊኔዥያ ካሉት ከጋምቢየር ደሴቶች የተወሰደ ነው። ትንሹ ዓሣ ይበላዋል፤ ትልቁ ትንሹን ይበላል፤ መርዙ ወደ ላይ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ማብሰል አያጠፋውም። ማቀዝቀዝም አያጠፋውም። ሽታም ጣዕምም የለውም። የታመመ ሰው ያስመልሰዋል፤ አፉ ዙሪያ ይነዝረዋል፤ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ያቃጥለዋል። ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። ማርከሻ የለውም። እኔ አቶል ውስጥ የተያዘ ትልቅ ዓሣ፣ ባራኩዳም ሆነ ሌላ፣ አልበላም። የመንደሩ ሰው «ይህኛው ከዚህኛው ዳርቻ ይበላል» ካለኝ እሱ ከሚበላው ትንሽ እቀምሳለሁ። በራሴ ግምት ግን በጭራሽ።

ስለ ሕመም ለነርስ መንገር ይከብደኛል። እዚያች ጀልባ ላይ ሐኪሟ አንቺ ነሽ፤ ከመነሳታችሁ በፊት የመድኃኒት ሣጥኑን ራስሽ ፈትሺ። ብዙ ጊዜ ያየሁት የኮራል ጭረት ነው። ትንሽ ይመስላል፤ በሙቀቱና በእርጥበቱ በሁለት ቀን ያመረቅዛል። የመንደር ጤና ኬላዎች አሉ። ኑኩ ሂቫ ላይ ሆስፒታል አለ። ከበድ ሲል በአውሮፕላን ወደ ፓፔቴ ነው። ዘፋኙ ዣክ ብሬል በ1975 በሸራ ጀልባው ሂቫ ኦአ ደርሶ እዚያው መኖር ጀመረ፤ ትንሽ አውሮፕላን ገዝቶ ደብዳቤና በሽተኛ ያመላልስ ነበር። መቃብሩም እዚያው ነው። ሰዎቹ ዛሬም ሲያነሱት ስለ ዘፈኑ ያህል ስለ አውሮፕላኑ ያወራሉ። ባሕር መሃል ግን አውሮፕላን አያርፍም። በሳተላይት የጭንቅ ምልክት የሚልከውን መሣሪያ ቁልፍ ከተጫናችሁ በኋላ የሚደርስልሽ በአቅራቢያው ያለ የጭነት መርከብ ነው፤ ቀናት ሊወስድ ይችላል። የቆየ የጥርስ፣ የሐሞት ወይም የትርፍ አንጀት ጥርጣሬ ያለበት ሰው አስቀድሞ ይመርመር። ባለቤትሽንም ይጨምራል።

ሰዎቹን ትወጃቸዋለሽ። ማርኬሳስ ላይ «ካኦሃ»፣ ቱአሞቱ ላይ «ኢያ ኦራና» ብለሽ ቀድመሽ ሰላም በዪ። የወደቀ ኮኮናት አታንሺ፤ እያንዳንዱ ዛፍ ባለቤት አለው፤ የደረቀው ኮኮናት የቤተሰብ ገቢ ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሂጂ፤ ነጠላሽን ይዘሽ ሂጂ። የሚዘምሩት በብዙ ድምፅ ነው፤ ቃሉ ባይገባሽም ታለቅሻለሽ። ምናልባት እስከ ፊጂ ከዘለቃችሁ ደግሞ መንደር ሲገባ ለሽማግሌው ያንጎና የሚባል፣ ተወቅጦ የሚጠጣ ተክል ሥር እሽግ ይቀርባል። እጅ መንሻ ማለት ነው። ኮፍያና የፀሐይ መነጽር ይወልቃል፤ ሴት ከጉልበቷ በታች ትሸፈናለች። ለእኛ ማንም ማስተማር አያስፈልገውም።

ወረቀት ላይ በአጭሩ፦ የአሜሪካ ፓስፖርት ካለሽ ፈረንሳይ ፖሊኔዥያ 90 ቀን ትቆያለሽ። ከዚያ በላይ ከሆነ ረጅሙን ቪዛ ከአሜሪካ ሳትወጪ ጠይቂ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሆነ ቪዛ ግዴታ ነው፤ የሼንገን ቪዛ ደግሞ እዚያ አያስገባሽም። የፓናማንና የኢኳዶርንም ለየብቻ አጣሪ።

እነዚህን ቀናት የማነሳው ለወረቀቱ ብቻ አይደለም። ካፒቴንን የሚያስቸኩለው ቀን ነው። ቪዛ ሊያልቅ ነው። እንግዳ ሊመጣ ነው። የአውሮፕላን ትኬት ተቆርጧል። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባለው የሳይክሎን ወቅት ከአካባቢው መውጣት አለበት። ሁሉም እውነተኛ ምክንያቶች ናቸው፤ ሁሉም ሰውን ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ በር ውስጥ ያስገባሉ። ስለዚህ እናንተ የቀን ችግር ሆናችሁ አትሂዱባቸው። የመመለሻ ትኬታችሁ ቀኑ የሚቀየር፣ መነሻውም ፓፔቴ ይሁን። ከትንሽ አቶል ላይ ቁርጥ ያለ ቀን አትያዙ።

የእኔ ሐሳብ ይኸው ነው። ሂዱ፤ ግን ቀድማችሁ አንድ ሳምንት አብራችሁ ባሕር ላይ እደሩ። ስለ ገንዘብ፣ ስለ ወጥ ቤቱ ተራ፣ ስለ መጠጥ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ 12 ሜትር ውስጥ ኩርፊያ መሸሸጊያ የለውም። የመጨረሻው ውሳኔ የካፒቴኑ እንደሆነም ባለቤትሽ ከልቡ ይቀበል። ከዚያ አንድ ቀን፣ ቡና ላይ ተቀምጣችሁ፣ ካፒቴኑን እንዲህ ብለሽ ጠይቂው፦ «ደጅ ደርሰህ ሳትገባ ያደርክበት ጊዜ አለ?»

ካለ በደስታ ይነግርሻል። የት እንደነበር፣ ስንት ሰዓት እንደጠበቀ፣ ማን እንዳጉረመረመ ሁሉ ያስታውሳል። ከእኔ ካፒቴኖች አንዱ ማኬሞ በምትባል የቱአሞቱ አቶል ደጅ ላይ ሌሊቱንና የማግስቱን እኩሌታ ቀን አቆይቶናል፤ ሸራውን አሳጥሮ፣ ጀልባዋን እዚያው እያንሳፈፈ። ሁላችንም ደክሞን ነበር፤ መሬቱ ይሸተን ነበር። እሱ ግን ሩዝ ቀቅሎ አበላንና ተኛ። በማግስቱ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ በረጋ ውሃ ገባን፤ ከታች አሸዋው ይታይ ነበር። «እኔ አድሬ አላውቅም፣ ሁልጊዜ እገባለሁ» የሚል መልስ ከሰማሽ ግን ባለቤትሽን ለብቻው አስቀምጪና አነጋግሪው። ምን እንዳለሽ ደግሞ ጻፊልኝ።